የእታለም ቮልስ ቦዲ የተነሳ ዕለት

ዛሬ የእታለምን ቮልስ ቦዲ ከሻንሲው (ከሥር ከሚሸከመው ብረት) ላይ አነሳነው። እጄ በሳሙና ታጥቦም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ወገቤንም ይዞኛል። ግን ሳልጽፈው ብተኛ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

እታለም የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ አስተምራ ጡረታ የወጣች መምህርት፤ ቤቷ ጎንደር፣ ጨጨላ ነው። ቮልሱን ከአንድ የሥራ ባልደረባዋ የገዛችው እኔ ገና ሳልወለድ ነው። ደባርቅ ተመድባ ስታስተምር ወደ ጎንደር የምትመላለሰው በእሱ ነበር። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያኔ አስፋልት የሚባል የለም። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። የአምባ ጊዮርጊስን ዳገት ስትወጣ፣ ራዲያተራቸው ፈልቶ መንገድ ዳር የቆሙ መኪኖችን እያለፈች እንደምትሄድ ስታወራ ፊቷ ይበራል። «የኔ ቮልስ ውሃ አትጠይቅም» ትላለች እስከ ዛሬ። እውነቷን ነው። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የለውም።

ከቆመ ግን ብዙ ዓመት ሆነው። ግቢዋ ውስጥ ከማድ ቤቱ ጎን ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። ሸራው ሲቀደድ ሌላ ሸራ ይደረብበታል። የሚገዛ ጠፍቶ አይደለም፤ በር እያንኳኳ የሚጠይቃት ሰው አልቀረም። እሷ ግን ልቧ እሺ አላለም። ዘንድሮ «እታለም፣ እንሥራው» ስላት ዝም ብላ አየችኝና «ብቻ እንዳታበላሻት» አለችኝ።

መጀመሪያ ያማከርኩት ጋራዥ ነገሩን ቀላል አደረገው። «ቦዲውን ለምን ታነሳለህ? ከሥር ላሜራ እንደርብበታለን፣ ዙሪያውን እንበይዳለን፣ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። ቶሎ ትነዳዋለህ» አሉኝ። በዋጋም ያ ይረክሳል። ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ።

የቮልስ ሻንሲ እንደ ላንድሮቨር ወይም እንደ ጭነት መኪና ሁለት ረጃጅም ብረት አይደለም። መሃል ለመሃል ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ አንድ ዋሻ የሚመስል ብረት አለው። የማርሹ ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑ ካቦ፣ የነዳጅ መርገጫው ካቦ፣ የእጅ ፍሬኑ ካቦ፣ የቤንዚኑ ቱቦ፣ ሁሉም በዚያ ውስጥ ያልፋሉ። ከግራና ከቀኝ ደግሞ የወለሉ ላሜራ ተበይዶበታል። ቦዲው ከላይ መጥቶ በወለሉ ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ዙሪያውን በቡሎን ይታሰራል። በሁለቱ መሃል ጓርኒሲዮን (ክፍተቱን የሚደፍን ጎማ) አለ። ውሃ የሚገባው እዚያ ነው። ጭቃ የሚያድረውም እዚያ ነው። ዝገቱ ከዚያ ይነሳና ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል።

እንግዲህ ከሥር ላሜራ ደርበህ ዙሪያውን ስትበይደው ምን ሆነ ማለት ነው? ዝገቱን ከነሕይወቱ ዘጋህበት። በዚያ ላይ በቡሎን ተፈትቶ እንዲወርድ የተሠራውን ነገር ለዘላለም አጣበቅከው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ልሥራው ቢል መክፈቻ የለውም። የሚተርፉ ስንት ቮልሶች እንዲህ ሆነው እንዳለቁ ሳስብ ይቆጨኛል። ቀለማቸው ያበራል፤ ከሥራቸው ግን ወለል የላቸውም።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ሊብሬው። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ዋሻው ላይ ነው። ያንን ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያይቼ ሳነበው ደስ አለኝ። በ115 ይጀምራል። 11 የቮልሱ ዓይነት ነው፤ 5ቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል መሆኑን ይናገራል። መስኮቶቹን ሰፋ ያደረጉበት ሞዴል ነው። ሞተሩ 1192 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት፣ መብራቱ 6 ቮልት። ስለዚህ ዋሻው አይነካም። የሚቆረጠው ከግራና ከቀኝ ያለው ወለል ብቻ ነው። ይህን በንጽሕና ለመሥራት ደግሞ ቦዲው መነሳት አለበት።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከጋሼ ነው። ጋሼ የምላቸው እታለም ገና ደባርቅ እያለች ጀምሮ ይህንኑ ቮልስ ይሠሩላት የነበሩ መካኒክ ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ከባድ ነገርም አያነሱም። እንዲያስጀምሩን ስንጠራቸው ግን በማግስቱ ቱታቸውን ለብሰው መጡ። ዱካ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፤ እኔና በያጁ ልጅ እንሠራለን።

መጀመሪያ ሞተሩ ወረደ። ቮልስ ላይ ሞተር ማውረድ የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚይዙት አራት ቡሎኖች ናቸው፤ ካቦውንና የቤንዚን ጎማውን ነቅለህ በክሪክ ቀስ እያልክ ታወርደዋለህ። ከዚያ በሮች፣ መስታወት፣ ወንበር፣ ኮፈን፣ አራቱም ፓራፋንጎ። ከዚያ ሰርባቶዮው (የቤንዚን መያዣው)፤ ምክንያቱም ቦዲውን ከፊት የሚይዙት ሁለቱ ትልልቅ ቡሎኖች ከሰርባቶዮው ሥር ነው ያሉት። መሪውን ከታች የሚያያይዘው መገጣጠሚያ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦው፣ የሞተሪኖው ሽቦ። የኪሎ ሜትሩ ካቦ እንኳ ከግራው የፊት ጎማ ነው የሚመጣው፤ እሱም ይነቀላል። ጋሼ ግን አንዲት ዳዶ መሬት ላይ ስታርፍ ማየት አይወዱም። «ስትነቅል ስለምትገጥመው አስብ፣ ልጄ» ይላሉ። ስለዚህ ሁሉ ነገር በፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ከየት እንደወጣ። ፎቶም በስልኬ አነሳሁ። የእታለም ሳሎን አሁን በፌስታል ተሞልቷል። አንድም ቀን አላማረረችም።

የቡሎኖቹ ነገር ለብቻው ይጻፍ።

ቦዲውን ከወለሉ ጋር የሚይዙት ቡሎኖች ከሥር በኩል ጠርዝ ጠርዙን ተሰልፈዋል። በ13 ቁልፍ የሚፈቱ ናቸው። እያንዳንዳቸው ወፍራም አራት ማዕዘን ሮንዴላ አላቸው። ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ደግሞ ሁለት ትልልቆች አሉ፤ እነሱ 17 ናቸው። ስንት ዓመት ጭቃ ሲጠጡ ኖረው ድንጋይ ሆነዋል። ቀድመን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን ናፍጣ እያጠጣን አሳደርናቸው። ከዚያ እኔ ከሥር ተንጋልዬ ቁልፉን እይዛለሁ፣ ጋሼ ከላይ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ። «ጢጥ» ካለ፣ «እሰይ፣ እሱ ሊፈታ ነው፤ ግፋ» ይላሉ። ምንም ድምፅ ሳያሰማ ለስለስ ብሎ ከዞረ ግን «ተው! ተው! ሊቆረጥ ነው፤ መልሰው» ይላሉ። መለስ አድርጌ፣ ናፍጣ ጨምሬ፣ በያጁ ልጅ በእሳት አሙቆት፣ እንደገና ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። እንዲህ እየተባለ አብዛኞቹ ሳይቆረጡ ወጡ። እምቢ ያሉትን በግራይንደር ራሳቸውን ቆረጥናቸው። ዓይናቸው የደከመ ሰው በጆሮ ብቻ ከብረት ጋር እንዲህ ሲነጋገር ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! በያጁ ልጅ መጀመሪያ ላይ አላመነም ነበር። ኋላ ላይ ቁልፍ ሲይዝ እሱም ጆሮውን ማዘንበል ጀመረ።

ከመነሳቱ በፊት አንድ የማይዘለል ነገር ነበር። የበሩ ደፍ ሥር ያለው ብረት በዝገት ተበልቷል። ቦዲውን የሚያቆመው ወለሉና ይህ ብረት ናቸው። እንዲሁ ብናነሳው መሃሉ ላይ ይታጠፍና በሮቹ ዳግመኛ አይዘጉም። ስለዚህ በያጁ በሁለቱም በሮች ክፍተት ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ ብረት) በየደ፤ አንዱን አግድም፣ አንዱን በሰያፍ። ከግራ ወደ ቀኝም አንድ። የበሩን ክፍተት በሜትር ለክተን ቁጥሩን እዚያው ቱቦላሬው ላይ በጠመኔ ጻፍነው። ጠመኔው የእታለም ነው።

ዛሬ ጠዋት ሰው ተሰበሰበ። የጎረቤት ልጆች፣ የአክስቴ ልጅ፣ ሁለት የሥራ ጓደኞቼ፣ ከፒያሳ የመጣ አንድ የበያጁ ጓደኛ። ስምንት ሆንን። ሕፃናት አጥር ላይ ተንጠለጠሉ። የጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና «አርባ አራቱ ታቦት ይርዷችሁ» ብለው ጥግ ላይ ቆሙ። በእርግጥ የተራቆተ የቮልስ ቦዲ ያን ያህል ከባድ አይደለም። መኪናው ሙሉውን ራሱ ከ800 ኪሎ በታች ነው። የሚያስፈራው ክብደቱ ሳይሆን እኩል አለመነሳቱ ነው። አንዱ ቀድሞ ካነሳ ይጣመማል።

ጋሼ ቦታ ቦታችንን አሳዩን። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ሁለት ሁለት በየጎኑ። «ስለታማ ጠርዝ አትያዙ፤ ጨርቅ አድርጉ። እኔ 'ቁም' ስል ሁሉም ይቁም።» በስመ አብ አልን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ቀኙ ተነሳ። ግራው እምቢ አለ።

«ቁም!» ቆምን። ጋሼ የእጅ ባትሪ ይዘው ከዱካቸው ተነሱና ዙሪያውን ዞሩ። ጎንበስ ብለው በክፍተቱ አዩ። ቡሎን የቀረ የለም፤ ሽቦም የለም። አሮጌው ጓርኒሲዮን ነው እንደ ሬንጅ ተጣብቆ የያዘው። ከባህር ዛፍ ቁራጭ ሹል አስጠርበው ቀስ እያሉ ከጠርዙ ሥር አስገቡ። በመዶሻ አይደለም፣ በመዳፋቸው ነው የሚመቱት። አንድ ቦታ፣ ከዚያ ሻገር ብሎ ሌላ ቦታ። በመጨረሻ ረዥም የመቀደድ ድምፅ ተሰማና ግራውም ለቀቀ። በቦዲውና በወለሉ መሃል ጣት የምታህል ብርሃን ገባች። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ያልተከፈተ ቦታ ነው። ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ አለቀ። እስከ ደረታችን አነሳነው። ሻንሲው በራሱ ጎማ ስለቆመ ሁለት ልጆች ገብተው ከሥራችን ወደፊት ገፉት። ቦዲውን ከባህር ዛፍ በሠራነው ካቫሌቶ ላይ አሳረፍነው። እማማ እልል አሉ። ሕፃናቱ አጨበጨቡ። እኔ ሜትሬን ይዤ ወደ በሩ ክፍተት ሮጥኩ። ከጠመኔው ቁጥር ጋር አንድ ነው፤ ቅንጣት አልተነቃነቀም። በያጁን አቅፌ ሳምኩት።

እታለም ይህን ሁሉ በረንዳ ላይ ሆና ታይ ነበር። ቮልሷን ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆኖ ስታየው ግን ወደ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይታ ወጣችና ጋሼን ጠየቀቻቸው። «ይገጠማል አይደል?»

ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ። «እትዬ፣ ፋብሪካውም እኮ እንዲሁ ነው የገጠማት። ሻንሲው ለብቻው ይሠራል፣ ቦዲው ለብቻው ይሠራል፣ ከዚያ ከላይ አውርደው ያስቀምጡባታል። እኛ ወደዚያች ቀን መለስናት እንጂ ሌላ ምንም አላደረግናትም።» እታለም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቡና አቀራረበች። የነቢያት ጾም ስለገባ ምሳው ሽሮና ተልባ ነበር፣ ከጠላ ጋር። እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ከምሳ በኋላ ጋሼና እኔ ዝም ብለን ስንመረምር ቆየን። ዋሻውን በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ ነካ ነካ እያደረጉ አዳመጡት። ጥርት ያለ ድምፅ ነው፤ ጤነኛ ነው። የግራው ወለል ግማሹ ይድናል። የቀኙ ግን አብቅቶለታል። ቮልስ ላይ ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ብረቱን ከላይ በላው፣ የመንገዱ ጭቃ ደግሞ ከሥር። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ቀዳዳ ሆነ። ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ ወንበሩን አንስቶ ይህን ቦታ ቢያይ ደስ ይለኛል። ዛሬ ካየው በጥቂት ላሜራ ይገላገላል።

ከበሩ ደፍ ሥር ያለው ብረት ውስጡ ባዶ ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር በእሱ በኩል ነው ወደ እግርና ወደ ፊት መስታወት የሚሄደው። ዝገቱን ስንከፍተው ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአይጥ ጎጆ ተደፍኗል። ደረቅ ሣር፣ ጭድ፣ የጨርቅ ብጥስጣሽ። ከላይ ያለው በቆመበት ዓመታት የገባ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ጠቁሮና ከዝገቱ ጋር ተጋግሮ አገኘነው፤ ጋሼ «ይኼ እየተነዳ ሳለም የነበረ ነው» አሉ። እታለም ይህን ስትሰማ ክው አለች። «ደባርቅ ጠዋት ጠዋት ጋቢ በጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበር የምነዳው፤ ሙቀቱ ደካማ ነው ብዬ» አለች። ያን ሁሉ ዘመን በብርድ ነድታለች። ደባርቅን የሚያውቅ ብርዱን ያውቃል። ይህን ብረት አዲስ አድርገን፣ ውስጡን ቀብተን፣ መውጫውን ወንፊት አልብሰን እንደምንመልሰው ቃል ገባሁላት።

አንድ ያልጠበቅነው ነገርም ወጣ። ጓርኒሲዮኑ ተጣብቆበት የነበረው ጠርዝ ላይ፣ ፀሐይም ዝናብም ሳያየው የቆየ ቀለም አለ። ሰማያዊ ነው፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ። እኛ ነጭ ነው ብለን የምናውቀው ቮልስ ከፋብሪካ የወጣው ሰማያዊ ሆኖ ነው! ጋሼ ወዲያው «እንግዲያው ወደ ጥንቱ ይመለስ» አሉ። በያጁም ከሳቸው ጋር ሆነ። እታለም ግን አልተቀበለችም። «እኔ የማውቃት ነጭ ናት። ተማሪዎቼም ከሩቅ የሚያውቋት ነጭ ናት።» ሊብሬውም ነጭ ነው የሚለው።

እኔም ካሰብኩበት በኋላ ከእታለም ጋር ነኝ። አሮጌ መኪና ሲሠራ ሰው ሁሉ ፋብሪካውን ያስባል። ይህን መኪና ግን ከፋብሪካው ይልቅ ረጅም ዘመን የያዘችው እሷ ናት። ጎንደርና ደባርቅ መሃል የተመላለሰው ነጩ ነው። ነጭ ይቀባል። ሰማያዊውን ግን ከኋላ ወንበሩ ጀርባ፣ ከውጭ በማይታይ ቦታ፣ መዳፍ በምታህል ስፋት ሳንቀባ እንተወዋለን። ጋሼ በዚህ ተስማሙ።

የዕቃው ነገር ቀላል አይሆንም። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የዚህ ዓይነት ቮልስ ተሠርቷል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ነው የወጣው። ስለዚህ ዕቃው ውጭ አገር ዛሬም ይሠራል፤ እዚህ እስኪደርስ ነው ጣጣው። ጓርኒሲዮኑንና የፍሬን ጎማውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያፈላልግልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ወለሉን ግን እዚሁ ነው የምንሠራው። አሮጌው ወለል ላይ ያሉት ጎርባጣ መስመሮች ለጌጥ አይደሉም፤ ላሜራው እንዳይረግብ የሚያጠነክሩት እነሱ ናቸው። በያጁ ያንን ቅርጽ በእጁ እንደሚያወጣው ነግሮኛል። በካርቶን ልኩን ወስዷል።

እታለም ስንለያይ «ለጥምቀት ይደርሳል?» ብላ ጠየቀች። ወደ ፋሲል መዋኛ ይዛው መውረድ አምሯታል። ጋሼ ፊት ለፊት «አይደርስም» አሏት። እኔም ይህን ማለታቸውን ወደድኩት። ለበዓል ተብሎ የሚቸኮል ብየዳ አልፈልግም። የዘንድሮው ጥምቀት ያልፋል፤ የከርሞው ይመጣል።

ሰኞ ከሥራ መልስ የቀኙን ወለል መቁረጥ እንጀምራለን። የሻንሲ ቁጥሩን ግራይንደር እንዳይነካብኝ ግሪስ ቀብቼ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ቦዲው ላይ ሸራ ጣል አድርገናል፤ ሻንሲው በረንዳው ሥር ገብቷል። ላሜራው በጠዋት ከቅዳሜ ገበያ በኩል ይመጣል ተብሏል።